ፍትሃዊ ንግድ ምንድን ነው? ፍትሁስ ለማን ነው?

ባለፈው ጥምቀት የጎረቤታችን ልጅ ከጀርመን መጥታ ነበር። ለእናቷ ካመጣችው ስጦታ መካከል አንድ ከረጢት ቡና አለበት። የሲዳማ ቡና ነው፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ተመለሰ። ከረጢቱ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ያለው ክብ ነገር በጥቁር መደብ ላይ ታትሟል። እናትየው ምልክቱን በጣታቸው እየነኩ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሏት። «ገበሬው ተገቢውን ዋጋ አግኝቷል ማለት ነው፣ እማዬ» አለች።

የአክስቷ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጥቅምትን መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ወባ ይዞት የተመለሰ ልጅ ነው። «ገበሬውስ እሺ። የለቀመው ሰውስ?» አላት። ልጅቷ ዝም አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

እስቲ ከስሙ እንነሳ። «ፍትሃዊ ንግድ» ስንል ሁለት ነገር ይደባለቅብናል። አንዱ ሃሳቡ ነው። ድሃው አምራችና ሀብታሙ ገዢ እኩል አቅም ይዘው ገበያ አይገቡም፤ ስለዚህ ንግዱ አምራቹን እንዳይጎዳ ደንብ ያስፈልገዋል የሚል። ሌላው ከረጢቱ ላይ የታተመው፣ ፌርትሬድ የሚባለው ማህተም ነው። ማህተሙ የራሱ ድርጅት፣ የራሱ ደንብና የራሱ ተቆጣጣሪ አለው። ማህተሙን ለማግኘትም ማህበራት ይከፍላሉ። ሃሳቡን የሚወድ ሰው ማህተሙን ሊተች ይችላል። እኔም እንደዚያ ነኝ።

ማህተሙ የተጀመረው በ1988 ሆላንድ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መነሻው ሜክሲኮ፣ ኦአሃካ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ቡና አምራቾች ማህበር ነበር። በዓመቱ፣ አገሮች የሚልኩትን የቡና መጠን ይወስን የነበረው የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ፤ ዋጋውም ወደቀ። በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ በኒውዮርክ ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። እኛም አገር ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ አለ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ማህተሙ ሁለት ነገር ቃል ይገባል። አንደኛው የወለል ዋጋ ነው፤ ገበያው የፈለገውን ያህል ቢወርድ ከዚያ በታች አይከፈልም። ለታጠበ አረቢካ ቡና ወለሉ ከ2011 ጀምሮ 1.40 ዶላር በፓውንድ ነበር። በ2023 ወደ 1.80 አደገ። ሁለተኛው ፕሪሚየም የሚባለው ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ በፓውንድ 20 ሳንቲም፣ ለማህበሩ የጋራ ሥራ የሚውል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 1.40 አሥራ ሁለት ዓመት ሳይነቃነቅ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የማዳበሪያ፣ የጤፍ፣ የትራንስፖርት ዋጋ የት እንደደረሰ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ደግሞ ያ ዋጋ በገበሬው መዳፍ ላይ የሚቆጠር ገንዘብ አይደለም። ቡናው ተዘጋጅቶ ወደብ ላይ ሲጫን ለላኪው የሚከፈል ነው። በእኛ አገር የማህተሙ ቡና ላኪ ብዙውን ጊዜ የማህበራቱ ኅብረት የሆነው ዩኒየኑ ነው። ከዚያ ላይ የማጠቢያው፣ የማበጠሪያው፣ የመኪናው ወጪና የባንኩ ወለድ ይነሳል። የተረፈው ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ማህበሩ፣ ከማህበሩ ወደ አባሉ ይወርዳል። ገበሬው እሸቱን ሲያስረክብ የሚቀበለው የቀኑን ዋጋ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍ ካለ ክፍፍል ይደርሰዋል። ፕሪሚየሙ ደግሞ በጉባኤ ድምፅ ተሰጥቶበት የመማሪያ ክፍል ወይም የውሃ ጉድጓድ ይሆናል። ጥሩ ነገር ነው፤ ማጣጣል አልፈልግም። ነገር ግን ከረጢቱን የምትገዛው ሴት ልቧ ውስጥ የሳለችው ሥዕል ይህ አይደለም። እሷ የምታስበው ገንዘቡ በቀጥታ ገበሬው ኪስ እንደገባ ነው።

ገበያው ሲወጣስ? በየካቲት 2025 ቡና በኒውዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ያኔ የ1.80 ወለል ሥራ የለውም። ነጋዴው ጥሬ ብር ይዞ ደጁ ድረስ ሲመጣ፣ አባሉ የዓመቱን ክፍፍል ልጠብቅ ብሎ ቡናውን ለማህበሩ ላይሰጥ ይችላል። በእሱ አልፈርድም፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ዓመት እስኪዘጋ አይጠብቅም።

ሌላም አለ። ማህተሙን ያገኘ ማህበር ምርቱ ሁሉ በማህተሙ ዋጋ አይሸጥለትም። ገዢው የፈለገውን ያህል ወስዶ ይሄዳል፤ የቀረው እንደማንኛውም ቡና ይሸጣል። የምዝገባና የቁጥጥር ክፍያው ግን ያው ነው። ሱፐርማርኬቱ በማህተሙ ሰበብ ምን ያህል እንደሚጨምርም የሚገድበው የለም። ገዢዋ አንድ ዩሮ ጨምራ ብትከፍል፣ ስንቱ ሳንቲም ሲዳማ እንደደረሰ ከረጢቱ አይነግራትም። ቸኮሌት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደንቡ ካካዎው ፋብሪካ ውስጥ ከሌላው ጋር እንዲቀላቀል ይፈቅዳል፤ የሚመሳከረው በወረቀት ላይ ያለው መጠን ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

በ2014 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአራት ዓመት ኢትዮጵያና ዩጋንዳ ውስጥ ያጠኑትን ይፋ አደረጉ። ያነጋገሩት የማህበር አባላትን ብቻ አልነበረም። በቡና፣ በሻይና በአበባ ሥራ ላይ በቀን ክፍያ የሚያድሩትን ፈልገው አገኟቸው። ማህተሙ ባለበት አካባቢ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች፣ በጥቅሉ ሲታይ፣ ማህተሙ ከሌለበት የተሻለ አያገኙም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው ያነሰ ነው ብለው ደመደሙ። የፌርትሬድ ሰዎች ተቃወሙ። ትናንሽ ማህበራትን ከትላልቅ እርሻዎች ጋር ማወዳደር አግባብ አይደለም አሉ። ክርክሩ እውነት ክብደት አለው፤ ትልቅ እርሻ የመክፈል አቅሙ ከባለ ግማሽ ሄክታሩ ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ነገር አልተፋቀም። ለአነስተኛ አርሶ አደሮች የወጣው ደንብ ሲረቀቅ በዋናነት የታየው መሬት ያለው አባል ነው። መሬት የሌለው ለቃሚ አባል አይደለም፤ በጉባኤው ድምፅ የለውም፤ ክፍፍልም አይደርሰውም።

ጎንደር ላለ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሰሊጥን እናውቀዋለን። ቆባው ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው በዚያ ወቅት በሺህ የሚቆጠር ወጣት፣ ሳሉግ የምንለው፣ ወደ መተማ የሚወርደው። ሜዳ ላይ ያድራል። ወባው አለ፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለ። ጎንደር ሆስፒታል የካላዛር ታካሚዎች ከየት እንደሚመጡ ብትጠይቁ የነዚህን ልጆች ታሪክ ትሰማላችሁ። ሰሊጡ ግን በምርት ገበያው «ነጭ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ» ተብሎ ደረጃ ወጥቶለት ይሸጣል። የጎንደር ስም አለበት። የአጫጁ የቀን ዋጋ ግን የትም አልተጻፈም።

በ2011 የአሜሪካው የፌርትሬድ ቅርንጫፍ ከዓለም አቀፉ ተገንጥሎ የወጣው በተቀጣሪው ሠራተኛ ጉዳይ ዙሪያ በተነሳ ጭቅጭቅ ነው። ተቀጣሪ የሚሠራባቸው ትላልቅ የቡና እርሻዎችም ማህተም ይሰጣቸው አለ። ለተቀጣሪው አሰብኩ ነው የሚለው። ትናንሾቹ አምራቾች ደግሞ ትልቁ እርሻ ከገባ እኛን ከገበያ ያስወጣናል ብለው ጮኹ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች የንግድ ምልክቷ አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር ተጋጨች፤ በ2007 ተስማሙ። እዚያ ላይ የተጠየቀው የገዢው ደግነት አልነበረም፤ የስሙ ባለቤትነት ነው። ይህን ሃሳብ እወደዋለሁ። ግን እሱም ቢሆን ለለቃሚው በቀጥታ የሚያደርስለት ነገር የለም።

ልጁን ባለፈው ሳምንት አራዳ አገኘሁትና ጥያቄውን አስታወስኩት። «በዚያ ምልክት ውስጥ የለቃሚው ክፍያ አለ ብዬ ልምልልህ አልችልም፤ የገበሬው ማህበር ግን አለበት» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «እኛስ ማህበር ቢኖረን?» አለኝ። መንገድ ዳር ቆመን ስለዚያ ብዙ አወራን።