ጠልሰም ምንድን ነው?

ጠልሰምን ለማወቅ ከዐይኑ መጀመር ይሻላል። አንገት ላይ በሚንጠለጠለው የክታብ ብራና ላይ አንድ ፊት አለ፤ ሁለት ትልልቅ ዐይኖች ፈጠው ያያሉ። የሚያዩት እኛን አይደለም። በሽተኛው ላይ ያረፈውን ጋኔን ነው። ጋኔኑ በነዚያ ዐይኖች ሲታይ ደንግጦ ይለቃል ተብሎ ይታመናል። ጠልሰም እንግዲህ ለጌጥ ያልተሣለ፣ ሥራ የተሰጠው ሥዕል ነው።

ሣዩ ደብተራ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ፍቆ ብራና ያደርገዋል። በጠባቡ ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋዋል። ርዝመቱን የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነው፤ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ጸሎቱን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስሞችና ለመነሻ ቃላት ነው። በየመካከሉ ሥዕሎቹ ይገባሉ፦ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ መረብ። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ባሕር ዓሣ በመረብ እንደያዛቸው ይናገራል። መረቡን ሳይ ይሄ ጸሎት ትዝ ይለኛል።

ከዚያ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል። ሾተላይ ልጆቿን የነጠቀቻት እናት ልትሆን ትችላለች። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሲወረስ ወይም ሲሸጥ የድሮው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባል። ዛሬ በውጭ አገር ሙዚየሞች ካሉት ክታቦች አንዳንዶቹ ላይ ፍቁ ይታያል። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ይሄ ነው። ከሥዕሉ ስር የአንድ ሰው ጭንቀት አለ፤ ከሱም ስር የሌላ።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ አትደግፈውም። «ድግምት ነው» ብሎ የሚያማትብም ብዙ ነው። ይገባኛል። ግን የመስመሩን ድፍረት አለማየት ያስቆጫል።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) ይህን ድፍረት ቀድመው ካዩት አንዱ ነው። የክታቡን ቅርጾች ወደ ዘመናዊ ሥዕል አመጣቸው፤ ራሱም ብራና ላይ ሠርቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ዲሲ ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ቅርጽ ሠራ። የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የአይሁድና የአገር በቀሉ እምነት ምልክቶች እዚያ አንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል። የሙዚቃ መሣሪያው፣ የቤት ዕቃው፣ ዕፅዋቱና እንስሳቱም አሉበት። ሁሉም ጠልሰም ነው አልልም። ግን ምልክት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እጅ እንዳረፈበት ያስታውቃል።

ክታቡ በአንድ ሰው ቁመት ተለክቶ፣ ተጠቅልሎ ይደበቅ ነበር። ብረቱን ግን ፓስፖርት ሊያሳድስ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል።