ሽጉጥ ሲከሽፍ፦ ከከተማ ዳር ላለ ባለፈቃድ የሚሆን የልምምድ ዳሰሳ

ሽጉጥ ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ይበላሻል። ሰበታ ወይም ገላን መንገድ ላይ መጋዘን የሚጠብቅ ሰውም ሆነ ለገጣፎ ፈቃድ አውጥቶ ቤቱ ያስቀመጠ ነጋዴ፣ ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን የሚያውቀው በመታጠቅ ነው። ምላጭ ስቦ "ቀጭ" ብቻ ያለ ቀን ምን እንደሚያደርግ ግን እጁ አያውቅም።

ብልሽቱ በጥቅሉ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው፣ ጥይቱ ሳይጎርስ ሲቀር ወይም ጎርሶ ሳይነድ ሲቀር ነው፤ ከሸፈ የምንለው። ሁለተኛው፣ የተተኮሰው ቀለህ ተፈናጥሮ እንደመውጣት መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀረቀር ነው። በዓይን ይታያል፣ በጨለማ ደግሞ በእጅ ይዳሰሳል። ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው፦ አንዱ ውስጥ እንዳለ ሌላው ጥይት ከኋላው ገፍቶ ሁለቱ ይጨናነቃሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መፍትሔ አንድ ነው። ጣት ከምላጩ ይወጣል። ካዝናው ከሥሩ በመዳፍ ጠንከር ተደርጎ ይመታል። ከዚያ ሽጉጡን ወደ ቀኝ ጋደል አድርጎ ማቀባበል፣ ላዩን (ወደ ኋላ የሚሳበውን የሽጉጡን የላይኛ ክፍል) እስከ መጨረሻው ስቦ መልቀቅ። በእጅ እያጀቡ መመለስ የለም፤ ሞላው ራሱ ይመልሰው። ቀጥሎ ወዲያው መተኮስ ሳይሆን ማየት ነው፤ ጥቃት ሊያደርስ የመጣው ሰው ሮጦ ሄዶ ሊሆን ይችላላ! የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፣ አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ያለፈውን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ጊዜ ይበላል። ላዩን ወደ ኋላ ስቦ ማቆም፣ ካዝናውን ነቅሎ ማውጣት፣ ውስጡ እስኪጸዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ማቀባበል፣ ሌላ ካዝና ማስገባት፣ እንደገና ማቀባበል።

እኛ አገር ስሙ ቶሎ የሚነሳው ማካሮቭ እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ሶቪየቶች በ1951 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ 8 ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ነው። መቆለፊያው ወደ ላይ ከተገፋ ላዩ ጨርሶ አይሳብም፤ ስለዚህ የደነገጠ ሰው ተበላሸ ብሎ ሲታገል ዋናው ነገር ቁልፉ ሊሆን ይችላል። የካዝናው መያዣ ደግሞ ከእጀታው ሥር ከኋላ ስለሆነ መንቀሉ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጥይቱም 9 በ18 (ውፍረቱና የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር) ነው። 9 በ19 የሚባለውን "ያው ዘጠኝ ነው" ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ካለ አትስሙት።

ለሲቪል ክፍት የሆነ የተኩስ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም፤ ግቢ ውስጥ መተኮስ ደግሞ ጎረቤትም ፖሊስም ማስነሳት ነው። ደግነቱ የዚህ ልምምድ አብዛኛው ያለ ተኩስ የሚሠራ ነው። እውነተኛው ጥይት በሙሉ ከክፍሉ ይወጣል፣ ሌላ ቤት ይቆለፋል። ከዚያ ለልምምድ የተሠራ፣ ባሩድ የሌለው ጥይት ይገባል። ሁለተኛውን ብልሽት ለመሥራት ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ማስያዝ ይበቃል። የሚፈቀድ ሜዳ ያገኘ ሰው ደግሞ ጓደኛው ካዝናውን ይሙላለት፣ አንዱን የልምምድ ጥይት ሳይነግረው ይቀላቅልበት። ያቺ ጥይት ስትደርስ አፈሙዙ ወደ መሬት ዘንበል ካለ ተኳሹ ከመተኮሱ በፊት እየደነገጠ ነው ማለት ነው፤ ይህን ሌላ ዘዴ እንዲህ በግልጽ አያሳይም።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከካዝናው ነው። ከንፈሩ ሲጣመም፣ ሞላው ሲደክም፣ አቧራ ሲገባው ጥይት በትክክል አያቀብልም። በበጋ የዳር ከተማ አቧራ ታውቁታላችሁ። ብዙ ዘይት መቀባትም መፍትሔ አይደለም፤ ዘይትና አቧራ ተቦክተው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበትና ዝገት አለ። ያረጀ ጥይትማ ለብቻው ጣጣ ነው።

አንድ ብልሽት ግን ከዚህ ሁሉ ሕግ ውጭ ነው። ድምፁ እንደወትሮው ሳይሆን "ፑፍ" ብሎ ደከም ካለ እርሳሱ (ከጥይቱ ተለይቶ የሚወረወረው ጫፍ) ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አቀባብሎ መድገም የለም። ሁለተኛው እርሳስ የመጀመሪያውን ከኋላ ሲመታ ቱቦው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱ ይወጣል፣ ቱቦው ክፍት መሆኑ ይታያል፣ ከተዘጋ መሣሪያው ወደ ባለሙያ ይሄዳል እንጂ ቤት ውስጥ በሚስማር አይጎረጎርም።