5508 ቀንሶ መገላገል የለም፦ ስለ ሩሲያ ዜና መዋዕሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የታሪክ ተማሪዎችን ጽሑፍ አርማለሁ። የመካከለኛው ዘመን የሩሲያ ዜና መዋዕል በተጠቀሰበት ሁሉ ያው የዓመት ስሕተት ይመጣል፤ ታክቶኛል። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ዜና መዋዕሎቹ ዓመት የሚቆጥሩት በቢዛንታይን አቆጣጠር፣ ከዓለም ፍጥረት ጀምረው ነው፤ ወደ እ.ኤ.አ. ለመመለስ ተማሪዎች በልማድ 5508 ይቀንሳሉ። ከ6600 በላይ ያሉት ዓመቶች ዓመተ ዓለም፣ ሌሎቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«የጻፈው ድርጊቱን ያየ ሰው ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። ጥንታዊው ዜና መዋዕል በኪየቭ የተጠናቀረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ላቭሬንቲ የተባለው መነኩሴ የገለበጠው ብራና ደግሞ የ1377 ነው። ሩሶች ቁስጥንጥንያን የወረሩት በ866 ነው ይላል። የቢዛንታይን ምንጭ ግን ጁን 18 ቀን 860 ብሎ ቀኑን ሳይቀር ይናገራል። ለ9ኛው ክፍለ ዘመን በእርሱ ብቻ ተማምናችሁ ዓመት አትቁረጡ።

«ዓመተ ዓለም ስለሆነ እንደ እኛው 5500 ይቀነሳል።» አይቀነስም። ሜይ 1185 በቢዛንታይን አቆጣጠር 6693፣ በእኛ 6677 ነው።

«5508 ከቀነስን ዓመቱ ተገኘ።» ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ቢዛንታይኖች ዓመቱን ሴፕቴምበር 1 ሲጀምሩ፣ ሩሶች በአብዛኛው ማርች 1 ይጀምሩ ነበር። ስለዚህ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የዓመቱ ማብቂያ ናቸው፤ ለእነርሱ የሚቀነሰው 5507 ነው። የላቭሬንቲ ብራና ሞንጎሎች ራያዛንንና ቭላድሚርን መያዛቸውን በአንድነት 6745 ሥር ያሰፍራል። አንድ ተማሪ ለሁለቱም 5508 ቀንሶ ራያዛን በዲሴምበር 1237፣ ቭላድሚር በፌብሩዋሪ 1237 ወደቁ ብሎ አመጣልኝ። ሠራዊቱ መጀመሪያ የደረሰው ራያዛን ነው፤ ቭላድሚር የወደቀችው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1238 ነው። በልጁ ስሌት ግን ኋላ የተመታችው ከተማ አሥር ወር ቀድማ ወደቀች! የጻፈውን አንድ ጊዜ መልሶ ቢያነበው ኖሮ ባላመለጠው።

ይባስ ብሎ፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ያንኑ የማርች ዓመት አንድ ዓመት አስቀድመው ይጀምሩታል። ልዑል ኢጎር ፖሎቭትሲ የተባሉትን ዘላኖች ሊወጋ በዘመተ ጊዜ ፀሐይ ጨለመች። የኢፓቲየቭ ብራና የተባለው ሌላ የዜና መዋዕል ቅጂ ዘመቻውን 6693 ላይ ያደርገዋል፤ ላቭሬንቲ 6694 ላይ። በ5508 ስሌት አንዱ 1185፣ ሌላው 1186 ይሆንና ወዲያው «አንዱ ተሳስቷል» ይባላል። ላቭሬንቲ ግን ስለ ግርዶሹ ሜይ 1፣ ረቡዕ፣ በሠርክ ጸሎት ሰዓት ብሎ ጽፏል። ሜይ 1 በ1185 ረቡዕ፣ በ1186 ሐሙስ ነው የዋለው። የሥነ ፈለክ ስሌትም ግርዶሹን ሜይ 1 ቀን 1185 ላይ ያገኘዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ከላቭሬንቲ 6694 የሚቀነሰው 5509 ነው። ሞንጎሎች ሩሶችን ድል ያደረጉበት የካልካ ጦርነትም በላቭሬንቲ 6731፣ በኖቭጎሮድ ዜና መዋዕል 6732 መሆኑ ከዚሁ የመጣ ጣጣ ነው። በአሮጌ መጻሕፍት 1224 የሚባለው ዛሬ 1223 ሆኗል። ሁለት የካልካ ጦርነት እንደነበረ የጻፈልኝም አለ።

ስለዚህ ከመቀነሳችሁ በፊት የሳምንቱን ዕለት፣ በዓሉንና ግርዶሹን ፈልጉ። ዕለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሜይ 1 በ1191ም ረቡዕ ውሏል። የሚጠቅመው ሁለት ጎረቤት ዓመታትን ለመለየት ነው። አንድ ብራና ከተለያዩ ምንጮች ስለሚገጣጠምም ለአንዱ ዓመት ያገኛችሁትን ስሌት ለቀጣዩ አታውሱት፤ እያንዳንዱን ለየብቻው ፈትኑ። አንዳች ምልክት ከጠፋ 1185/86 ብላችሁ ጻፉ። ለዚህ ማርክ ቀንሼ አላውቅም።