ስክለረንካይማ ምንድን ነው? በማይክሮስኮፕስ እንዴት እንለየዋለን?

ዘይቱን ስትበሉ ጥርስ ላይ የሚንቋቋው ፍሬው ብቻ አይደለም። ከልጣጩ ሥር ያለው ሥጋውም ቅርጭጭ ይላል። ብዙ ሰው አሸዋ ወይም በደንብ ያልታጠበ ነገር ይመስለዋል። እነዚያ ደቃቅ ጠጣር ነገሮች ግን የተክሉ የራሱ ህዋሳት ናቸው። ግድግዳቸውን አወፍረውና አጠንክረው፣ በአብዛኛውም ሞተው የቀሩ ህዋሳት። እንዲህ ባሉ ህዋሳት የተሠራው ሕብረ ህዋስ ስክለረንካይማ ይባላል።

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ፓረንካይማ፣ ኮለንካይማ፣ ስክለረንካይማ ብለን ሦስቱንም በተርታ ሸምድደናል። "ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ የሞተ፣ ለድጋፍ የሚያገለግል" ብለን ፈተና ላይ ጽፈናል። መልሱ ልክ ነው። ስላይድ ተቀምጦ "ታዲያ የቱ ነው?" ስንባል ግን ብዙዎቻችን ግራ ይገባናል። ይሄ ያስቆጨኛል። ምክንያቱም ከሦስቱ ለዓይን የሚቀለው እሱ ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ዘይቱን፣ አንድ መርፌና የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ማንኛውም የተክል ህዋስ ሲያድግ ስስና የሚለጠጥ የመጀመሪያ ግድግዳ አለው። ፓረንካይማ በአብዛኛው እዚያው ላይ ይቆማል። ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ሰፊ፣ ራሱም ሕያው ሆኖ ውሃና ስታርች ያከማቻል። ስክለረንካይማ የሚሆነው ህዋስ ግን ማደጉን ሲጨርስ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ግድግዳ ይሠራል። በላዩም ሊግኒን ይገባበታል። ሊግኒን እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ጠንካራ ነገር ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ እየወፈረ ሲሄድ ባዶው ቦታ እየጠበበ ይመጣል። በመጨረሻ የህዋሱ ሕያው ክፍል ይሞትና ግድግዳው ብቻውን ይቀራል። ተክሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ግድግዳ ነው። ሮበርት ሁክ በ1665 በቡሽ ቁራጭ ላይ ያያቸውና በእንግሊዝኛ "ሴል" ብሎ የሰየማቸው ክፍሎችም የሞቱ ህዋሳት ባዶ ግድግዳዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመለየት ትልቁ ምልክት እሱ ስለሆነ። ህዋሱ ግድግዳውን እያወፈረ ሳለ ገና ሕያው ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጫጭን መስመሮች ይገናኛል። በእነዚያ መስመሮች በኩል ሁለተኛው ግድግዳ አይሠራም። ስለዚህ ግድግዳውን ሰንጥቀው የሚያልፉ ጠባብ ቦዮች ይቀራሉ። ማይክሮስኮፕ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ሆነው ይታያሉ። ግድግዳው በጣም ሲወፍር ሁለት ሦስቱ ቦዮች መሃል ላይ ይገናኙና ቅርንጫፍ ያወጡ ይመስላሉ። ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ መሃል፣ ግድግዳውን የሚሰነጥቁ ቦዮች፤ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ስክለረንካይማ ነው ለማለት ብዙ አትፈሩ።

ስክለረንካይማ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ረጅምና ጫፉ የሾለ ሲሆን ፋይበር ይባላል። ሌላው አጠር ያለ፣ ክብ ወይም ቅርጸ ብዙ ነው፤ ስክለሪድ ይባላል። የዘይቱኑ ጠጠር ስክለሪድ ነው፤ ድንጋይ ህዋስ የሚሉትም አሉ። የባቄላ ልጣጭም ጥንካሬውን የሚያገኘው አጠገብ ላጠገብ ከቆሙ ስክለሪዶች ነው። የሻይ ቅጠል ውስጥ ደግሞ በየአቅጣጫው ክንድ ያወጡ ስክለሪዶች ይገኛሉ።

ፋይበሩን ለማወቅ ከእንሰት የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በጉራጌም በሲዳማም እናቶች እንሰት ሲፍቁ የሚሠሩትን ሥራ አስቡት። ሲፋቅ ስስ ግድግዳ ያላቸው የፓረንካይማ ህዋሳት ይሰባበራሉ፤ ውስጣቸው የነበረው ስታርችም ይወጣል። ከተጨመቀው ፈሳሽ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ የዚያ ስታርች ክምችት ነው። የማይሰበረው ደግሞ ቃጫ ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል። እሱ ስክለረንካይማ ነው። አንዱ ምግብ፣ አንዱ ገመድ ሆነው ሁለት ሕብረ ህዋሳት ያለ ምንም የላቦራቶሪ መሣሪያ ተለያዩ ማለት ነው። መጽሐፎቻችን ሕብረ ህዋስን ሲያስተምሩ ከዚህ ቢጀምሩ እንዴት ደስ ባለኝ! ቡላዋን በጥቂቱ በውሃ በጥብጣችሁ አንድ ጠብታ አዮዲን ብትጨምሩባት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ትለወጣለች። በማይክሮስኮፕ ስታዩዋት የስታርቹ ቅንጣቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከቃጫው አንድ ክር ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ በሁለት መርፌ ብትፈለቅቁት ደግሞ ያ አንድ የመሰለ ክር የብዙ ፋይበሮች ጥቅል መሆኑን ታያላችሁ። እያንዳንዱ ፋይበር አንድ ህዋስ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱኑ እንመለስ። ከልጣጩ ሥር ካለው ሥጋ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ጫሩ። ብዙ ከወሰዳችሁ ይደራረብና ምንም አይታይም። ስላይድ ላይ ጠብታ ውሃ አድርጋችሁ በትኑት። ከቨር ስሊፑን፣ ማለትም ስሷን መሸፈኛ መስታወት፣ ከአንድ ጎን አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት፤ በአናቱ ከጣላችሁት አየር ይገባበታል። በጣታችሁ ጫን አድርጉት። መጀመሪያ በትንሿ ሌንስ፣ ማለትም 40 ጊዜ አጉልታችሁ ፈልጉ። በሰፊውና ግልጽ በሆነው ፓረንካይማ መካከል የተሰባሰቡ፣ ጠጣርና ቢጫ ቢጤ ክምሮች ታገኛላችሁ። እነሱን መሃል አድርጋችሁ ወደ 100፣ ቀጥሎ ወደ 400 ሂዱ። ብርሃኑን ቀነስ አድርጉት። ጀማሪ ሁሉ ብርሃን ሲጨምር የተሻለ የሚያይ ይመስለዋል፤ ቀለም ያልነካው ህዋስ ግን በደማቅ ብርሃን ይጠፋል። ከዚያ የፎከስ ማስተካከያዋን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያደረጋችሁ ግድግዳውን ተከተሉ። ቦዮቹ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላሉ።

ጥቁርና ወፍራም ጠርዝ ያለው፣ ፍጹም ክብ የሆነ ነገር ካያችሁ አትደሰቱ። የአየር አረፋ ነው። ቦይ የለውም፤ ከቨር ስሊፑን ነካ ስታደርጉትም ይንቀሳቀሳል።

ፋይበር ላይ የአቆራረጥ ጉዳይ አለ። አንድ እስር ጭድ በአግድም ብትቆርጡ ከፊት የሚታየው ክብ ክብ አፍ ብቻ ነው፤ ርዝመቱን ለማየት ከጎን ማየት አለባችሁ። ግንድ በምላጭ በአግድም ሲቆረጥም እንዲሁ ነው። ፋይበሮቹ ትንንሽ፣ ማዕዘን ያላቸው፣ መሃላቸው ነጥብ የምታክል ቀዳዳ ያለባቸው ሆነው ይታያሉ። ስክለሪድም በአግድም ተቆርጦ ይህንኑ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ "ፋይበር ነው" ከማለታችሁ በፊት ያንኑ ግንድ በቁመቱ ቆርጣችሁ ማየት አለባችሁ። ፈተና ላይ በአንድ አግድም ሥዕል ብቻ "ይህ ምን ዓይነት ህዋስ ነው?" ብሎ መጠየቅ ተማሪን መበደል ነው የሚመስለኝ።

ከሌሎች ጋር መምታታቱም የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኮለንካይማ ነው። ለጋ የበሶብላ ግንድ በጣቶቻችሁ መካከል ብታሽከረክሩ አራት ጎን እንዳለው ይሰማችኋል። በአራቱ ማዕዘኖች፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር ያለው ደጋፊ ሕብረ ህዋስ ኮለንካይማ ነው። ግድግዳው ወፍራም ቢሆንም ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ በአብዛኛው ህዋሳቱ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ይበዛል። ሊግኒን የለውም፤ ሕያው ነው፤ ግንዱ ሲያድግ አብሮ ይለጠጣል። ስክለረንካይማ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ቦታው በአብዛኛው ማደጉን በጨረሰ ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ውሃ የሚያመላልሰው ዛይለም ነው። እሱም ሊግኒን አለው፤ ቱቦዎቹም የሞቱ ናቸው። መሃሉ ግን ሰፊ ነው፤ ሥራው ውሃ ማሳለፍ ነውና። ግድግዳው ላይም ቀለበት ወይም ጥምዝምዝ መስመር ይታያል። የሙዝ ቅጠልን ዘንግ ቀስ አድርጋችሁ ስትሰብሩ ተጎትተው የሚወጡት ስስ ክሮች ከእነዚህ ጥምዝምዞች የተፈቱ ናቸው። ቃጫ አይደሉም።

እዚህ ላይ ቀለም ይረዳል፤ ግን ሁሉንም አይፈታም። ሳፍራኒን ሊግኒን ያለበትን ግድግዳ ቀይ ያደርጋል። ቶሉዲን ብሉ ደግሞ ሊግኒን ያለውን ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ የሌለውን ወደ ወይን ጠጅ ይወስደዋል። ስክለረንካይማን ከኮለንካይማ ለመለየት ይህ ግሩም ነው። ከዛይለም ለመለየት ግን አይበቃም፤ ሁለቱም እኩል ይቀላሉና። ያኔ ወደ ቅርጹና ወደ ቦታው መመለስ ነው።

በጣም የምወደው አሳሳች ግን የቡና ፍሬ ነው። ጥሬ ቡና ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በስሱ ተቆርጦ ሲታይም የህዋሳቱ ግድግዳ ወፍራም ነው። ስክለረንካይማ ነው ብሎ መደምደም ይመጣል። አይደለም። ያ ውፍረት ሊግኒን ሳይሆን ለሚበቅለው ችግኝ የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ከስኳር ዘር የተሠራ፣ ቡቃያው ሲነሳ እየቀለጠ የሚበላ። ህዋሳቱም ሕያው ናቸው። እውነተኛውን ስክለረንካይማ የምታገኙት ቡናው ሲቆላ ከሚረግፈው ስስ ገለባ ላይ ነው። አንዷን ቁራጭ ውሃ ውስጥ አርሳችሁ ስላይድ ላይ አድርጓት። በስሱ ሽፋን ላይ ተበትነው የተኙ፣ ረዘም ያሉ፣ ግድግዳቸው በቦዮች የተሰነጠቀ ስክለሪዶች ታያላችሁ። ከገለባው ከፊሉ በፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚቀር እነዚህ ህዋሳት የተፈጨ ዱቄት ውስጥም አይጠፉም። የቡና ዱቄትን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሰዎች ቡና መሆኑን ለማረጋገጥ ከሚፈልጓቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ስክለሪድ ነው።