ስለ አያትና አካባቢው የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ቤት የሚፈልግ ሰው ስለ አያት፣ ስለ ሲኤምሲ ወይም ስለ ሰሚት ሲጠይቅ አንዱ «እሱማ ገጠር ነው» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ባቡር አለ፣ ጸጥታ አለ፣ ምን ጎደለ?» ይለዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ሰፈሩን አንድ ወጥ አድርገው ስለሚያዩት ነው፤ አስፋልቱ ዳር ያለው ቤትና ከአስፋልቱ ርቆ ውስጥ የገባው ኮንዶሚኒየም አንድ ስም ይጋሩ እንጂ ኑሯቸው ለየቅል ነው።

«ከተማ ዳር ስለሆነ ትራንስፖርት የለም።» አያት የምሥራቅ–ምዕራቡ ቀላል ባቡር መነሻ ሲሆን፣ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ወደ መገናኛ አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች እንዲሁም ሚኒባስ ታክሲዎች ይመላለሳሉ። መነሻ ላይ የሚሳፈር ሰው ጠዋት ወንበር የማግኘት ዕድሉ መሀል መንገድ ላይ ከሚጠብቀው የተሻለ ነው። ፈተናው ያለው በመልሱ ጉዞ ነው፦ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መገናኛ ላይ ሰልፉ ይረዝማል፤ አንዳንድ ታክሲዎችም ታፔላቸው አያት እያለ መንገዱን ቆርጠው ሲኤምሲ ላይ ያወርዱና ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ያስገድዱታል።

«ባቡር ካለ መንገድ አያሳስብም።» ባቡሩ የራሱ ሐዲድ ስላለው የመኪና መጨናነቅ አያቆመውም። ይሁን እንጂ የሚሠራው በኤሌክትሪክ በመሆኑ ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል፤ ለዚህኛውና ለሰሜን–ደቡቡ መስመር ከተገዙት 41 ባቡሮች ውስጥም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ስለቆዩ የሚጠበቀው ጊዜ ይረዝማል፣ ሲመጣም ሞልቶ ይመጣል። ከዚህ በላይ የሚዘነጋው ደግሞ ባቡሩ ዋናውን መንገድ ይዞ የሚሄድ መሆኑ ነው። አያት ጨፌ ወይም ሰሚት ውስጥ የሚኖር ሰው ከፌርማታው እስከ ቤቱ ባጃጅ ይፈልጋል፤ ያ ባጃጅ ቀን ላይ ሰው ሞልቶ ቢሄድም ሲመሽ ወይም ዝናብ ሲጥል «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል። ስለዚህ ቤት የሚያይ ሰው እሑድ ረፋድ ላይ በመኪና ደርሶ ከሚመለስ ይልቅ በሥራ ቀን፣ በመውጫና በመግቢያ ሰዓት፣ መንገዱን ራሱ ቢሞክረው ይሻለዋል።

«ሰላምና ጸጥታ የሰፈነበት ነው።» የመኪና ድምፅ በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን ብዙ ይዞታ ገና በግንባታ ላይ ስለሆነ ቀን የኮንክሪት ማቡኪያና የፌሮ መቁረጫ ይጮኻል፤ ሌሊት ውሻ ያላዝናል፣ ወደ ጫፉ ለወጣም ጅብ ይሰማል። ለጸጥታ ብሎ ከአስፋልቱ የሚርቅ ሰው ዋጋውን በእግር መንገድና በባጃጅ እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ።

«የኮንዶሚኒየም የጋራ መዋጮ በፈቃደኝነት የሚከፈል ነው።» አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ለጋራ ወጪዎች የሚጥለው መዋጮ ግዴታ ነው። ተከራይም ጥበቃውንና ጽዳቱን ማን እንደሚከፍል ከመፈራረሙ በፊት ቢጠይቅ ኋላ ከኮሚቴው ጋር አይጨቃጨቅም።

«ኪራዩ ረከስ ስለሚል የስድስት ወር ቅድሚያ ቢጠየቅ አይገርምም።» የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ቤቱ ቦሌ መሀል ይሁን ከተማው ጫፍ፣ ድንጋጌው አንድ ነው።