የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ዋና አሰልጣኞች ገቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የመንግሥት ሠራተኛ አገረ ገዥው አይደለም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አሰልጣኝ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የፉትቦል። (ፉትቦል የምንለው በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ሞላላ ኳስ ነው፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እነዚህ ሰዎች ገቢ ከሚነገረው ብዙው ግን ከውላቸው ጋር አይገናኝም።

«የ95 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ 95 ሚሊዮን ዶላር አገኘ»

አላገኘም። ያ ቁጥር ውሉ እስከ መጨረሻው ዓመት ከዘለቀ የሚከፈለው ድምር ነው። ቁም ነገሩ ውሉ መሐል ላይ ሲፈርስ የሚሆነው ነው። በ2021 ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዋና አሰልጣኙ ለሜል ተከር የ10 ዓመት የ95 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። በሴፕቴምበር 2023 ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር አንቀጹን ጠቅሶ አሰናበተው፤ ቀሪውን 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማም አልከፍልም አለ። ተከር ጥፋት አልሠራሁም ብሎ ተከራከረ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን በውጤት ምክንያት ብቻ ሲያሰናብት ደግሞ 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ገባ። 19 ሚሊዮን ያህሉ በ60 ቀን ውስጥ የሚከፈል ነበር፤ የቀረው በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ገደማ እየሆነ እስከ 2031 ይዘልቃል። ፊሸር ሌላ ሥራ ቢይዝ እንኳ ከዚህ አንዲት ሳንቲም አትቀነስም።

ብዙ ውሎች እንዲህ ለጋስ አይደሉም። የተሰናበተው አሰልጣኝ ሥራ የመፈለግ ግዴታ ይጣልበታል፤ ሲያገኝም አዲሱ ደመወዙ ከካሳው ይቀነሳል። ፔን ስቴት በኦክቶበር 2025 ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያሰናብት ቀሪው ክፍያ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። በወሩ ቨርጂኒያ ቴክ ቀጠረውና ሒሳቡ በ9 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ስለዚህ ስለ አንድ አሰልጣኝ ውል ሲነገር መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ከድምሩ ዋስትና ያለው ስንት እጅ ነው? በጥፋት ለማሰናበት የሚያበቃው ምንድን ነው? አዲስ ደመወዝ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ካሳው የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ? የ95 ሚሊዮኑ ዜና ያለ እነዚህ መልሶች ምንም አይነግረንም።

«ደመወዙ የሚወጣው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው»

በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች መነሻ ደመወዝ ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ለመቅረብ፣ ለስፖንሰር ሥራ፣ ለለጋሾች ግንኙነት በሚል ስም ይከፈላል። ምንጩም የቴሌቪዥን መብት፣ የትኬት ሽያጭና የደጋፊዎች መዋጮ ነው። በትንንሾቹ ግን ነገሩ ይለያል፤ የስፖርት ክፍሉ ጉድለት ከተማሪዎች ላይ በሚሰበሰብ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው በጀት ይሞላል። ልጁን ኮሌጅ የሚልክ ወላጅ የክፍያ ዝርዝሩ ላይ የአትሌቲክስ ክፍያ የሚል መስመር ካለ ቢያይ መልካም ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውል በየክፍለ ግዛቱ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ተጠይቆ ይገኛል። እንደ ኖተርዳም ያሉ የግል ተቋማት ግን ውሉን የማሳየት ግዴታ የለባቸውም፤ ቁጥሩ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ በየዓመቱ በሚያቀርቡት የግብር ቅጽ 990 ነው።

«አሰልጣኙ በፈለገበት ቀን ጥሎ ይሄዳል»

ይሄዳል፣ ግን በነጻ አይደለም። ኬለን ዲቦር በጃንዋሪ 2024 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር የውል ማፍረሻ ክፍያው 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እንዲህ ያለውን ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው አዲሱ ቀጣሪ ነው።

«ታዋቂ ተጫዋች ያልነበረ አያሰለጥንም»

ታዋቂው ዋና አሰልጣኝ ማይክ ሊች በኮሌጅ ፉትቦል አልተጫወተም፤ የሕግ ዲግሪ ነበረው። የተለመደው መንገድ በትንሽ አበል ከሚሠራ የድኅረ ምረቃ ረዳትነት ይጀምራል፤ ከዚያ የአንድ ቦታ ተጫዋቾች አሰልጣኝ፣ የማጥቃት ወይም የመከላከል ክፍል ኃላፊ፣ በመጨረሻ ዋና አሰልጣኝ። ጊዜ ይፈጃል። ከርት ሲግኔቲ በ2011 ከአላባማ ረዳትነት ወርዶ በሁለተኛ ዲቪዚዮን (ከላይኛው ዝቅ ባለው እርከን) የሚጫወት ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ ደመወዙም ቀነሰ። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የቀጠረው በ2023 መጨረሻ፣ ከ60 ዓመቱ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸንፎ 2 ተሸነፈ።

«ሁሉም ሚሊየነር ነው»

አይደለም። ሚሊዮኖቹ ያሉት በላይኛው እርከን ባሉ 130 ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ በእነዚያም ውስጥ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሦስተኛ ዲቪዚዮን የስፖርት ስኮላርሺፕ ራሱ የለም፤ አሰልጣኙም ሌላ የኮሌጅ ሥራ ደርቦ መያዙ የተለመደ ነው።

«ሲባረር የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው»

ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነናል። አዲስ ዋና አሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ረዳቶቹ ውላቸው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፤ ካሳቸውም ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። ስንብቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኖቬምበርና በዲሴምበር ስለሆነ ልጆቻቸውን በትምህርት ዘመኑ መካከል አስነቅለው ከተማ ይቀይራሉ። በምልመላ ጊዜ ወጣቱን ተጫዋች ቤቱ ድረስ ሄዶ ያሳመነውም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ረዳቶች አንዱ ነው፤ እሱ ሲሄድ ተጫዋቹም ዝውውር ይጠይቃል።