ስለ ካምፓኒዎች ማህበራዊ ኃላፊነት የሚወሩ ግን እውነት ያልሆኑ ነገሮች

«ማህበራዊ ኃላፊነት ማለት እርዳታ መስጠት ነው»
ችግኝ ተከሉ፣ ደብተር አደሉ፣ ባነር ይዘው ፎቶ ተነሱ፣ አለቀ። እርዳታው አይጠላም ግን ዋናው ትርፉ የተገኘበት መንገድ ነው፣ ሰራተኛውን እንዴት ይይዛል፣ ፍሳሹን የት ይለቃል፣ ግብሩንስ በስርአት ይከፍላል ወይ። በፈረንጆቹ 2010 የወጣው አይኤስኦ 26000 የሚባለው አለም አቀፍ የማህበራዊ ኃላፊነት መመሪያ 7 ዋና ጉዳዮች አሉት፣ ማህበረሰቡን ማገዝ ከነሱ አንዱ ነው። (በነገራችን ላይ በዚህ መመሪያ ሰርተፍኬት አይሰጥም፣ አለኝ የሚል ካያችሁ ጠርጥሩ።)

«በፈቃደኝነት ነው እንጂ ህግ አያስገድድም»
እንደ ሀገሩ ነው። ህንድ በ2013 ባወጣችው ህግ ትልልቅ ካምፓኒዎች ካለፉት 3 አመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለማህበራዊ ኃላፊነት ስራ ማዋል አለባቸው። ፈረንሳይ ደሞ በ2017 ትልልቆቹ አቅራቢዎቻቸው ጋ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ጭምር ለይተው የሚከላከሉበት እቅድ እንዲያወጡና እንዲተገብሩ አስገደደች። ለኔ የፈረንሳዩ ይበልጥብኛል፣ መጀመሪያ አትጉዳ ነው የሚለው።

«ኦዲት (የሂሳብ ሳይሆን የስራ ሁኔታ ፍተሻ) ያለፈ ፋብሪካ አያሰጋም»
ራና ፕላዛን የሰማ ሰው ይሄን አይልም። ባንግላዴሽ የነበረው ይሄ ህንጻ ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ሊደረመስ አንድ ቀን ሲቀረው ስንጥቅ ታየበት፣ ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ዘጉ፣ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ከ1,100 ሰው በላይ አለቀ። እዛ ውስጥ ኦዲት የተደረጉ ፋብሪካዎች ነበሩ እኮ! ግን ኦዲተሩ ስለ ሰራተኛ አያያዝ ቼክሊስቱን ሞልቶ ነው የሚሄደው፣ ያለፈቃድ የተጨመረውን ፎቅ ማን ይይለት። ከዛ በኋላ ልብስ የሚያሰፉት ብራንዶችና የሰራተኛ ማህበራት የተፈራረሙት ስምምነት ልዩነቱ በህግ የሚያስጠይቅ መሆኑ ነው፣ ኢንጂነሮች ህንጻውን ራሱን ይፈትሻሉ፣ ሪፖርቱ ለህዝብ ይወጣል፣ አላስተካክልም ያለ ፋብሪካ ደሞ ከፈረሙት ብራንዶች ትዕዛዝ ያጣል።

«ብዙ የሚያወራው ነው ብዙ የሚሰራው»
አሜሪካ ውስጥ ለሰራተኛ የጤና ኢንሹራንስ መግባት ለረጅም ጊዜ እንደ አሰሪው ደግነት ሲቆጠር ኖሯል፣ ጀርመን ግን የህግ ግዴታ ስለሆነ ማንም አይፎክርበትም። የቦርድ ወንበርም እንደዛው ነው፣ እዛ በ1976ቱ ህግ መሰረት ከ2,000 በላይ ሰራተኛ ያለው ካምፓኒ የተቆጣጣሪ ቦርዱ ግማሽ ወንበር የሰራተኛ ተወካዮች ነው።

«ጠንካራ ህግ ካለ ካምፓኒ አያጭበረብርም»
ቮልስዋገንም ያው የጀርመን ነው፣ ቦርዱ ላይ ሰራተኛ አለ፣ ግን የቦርድ ወንበር ጭስ አይለካም። በ2015 የዲዝል መኪኖቹ ላይ ፍተሻ ሲሆን ብቻ ጭሱን የሚቀንስ ሶፍትዌር እንዳለ ወጣ፣ በአለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን አካባቢ መኪና። የተነቃባቸውም የአሜሪካ ተመራማሪዎች መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ ስለነዱት ነው።